ሊቀ አዝራር አብዱልጀሊል እና አራተኛዋ ክብ

ይህችን አገር ሁለት ዓይነት ሰው ያምሳታል፦ ሥራ የማይጀምርና ሥራ የማይጨርስ። የማይጀምረውን ለምደነዋል፤ በግምገማ ይመታል፣ ሂሱን ይውጣል፣ ተመልሶ ይተኛል። መድኃኒት የጠፋለት የማይጨርሰው ነው። ታውቁታላችሁ። ለሠርግ ሱሪ ያዘዛችሁት ልብስ ሰፊ ነው፤ ሙሽሮቹ ወልደው ልጁ ድክ ድክ ሲል «እጥፋቷ ብቻ ናት የቀረችኝ» ይላችኋል። በር ሳይገጥም ክረምት ያስገባባችሁ አናጢ ነው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ በወደድሁት! እሱ ግን ከማለዳ እስከ ማታ ይሠራል። እየሠራ ነው የማይጨርሰው። የሕዝብን ጠላት ሁሉ በዝርዝር ያስተማሩን በራሪ ጽሑፎች ይህን አንዱን እንዴት እንደዘለሉት እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

የዚህ መደብ ንጉሠ ነገሥት የሚኖረው መካነ ሰላም ነው፤ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከእኔ ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ርቆ። ክቡር ወልዑል ሊቀ አዝራር አብዱልጀሊል ይባላል። አብዱልጀሊል ያሉት አባቱ ናቸው፤ የቀረውን ማዕረግ የደረብሁለት እኔ ነኝ።

ሥራውን ላስረዳ፤ እኔም እስኪገባኝ ብዙ ደክሜበታለሁ። ኮምፒውተር ሰውን የሚያናግረው በሳጥን ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ ትልና ትጠይቃለች፦ ስም ማን ነው? ቀበሌ የት ነው? ስም የሚጻፍበት ባዶ መስመር አላት፤ ቀበሌ የሚመረጥበት ዝርዝር አላት፤ ከብዙው አንዱን ብቻ የሚያስመርጡ ትንንሽ ክቦች አሏት፤ ከግርጌዋ «እሺ» እና «ተወው» የሚሉ ሁለት አዝራሮች አሏት። የሙያው ሰዎች ዲያሎግ ቦክስ ይሏታል። እዚያ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ስክሪፕት በሚሉት የኮምፒውተር ትእዛዝ አንድ አንድ መስመር ይጻፍለታል፦ ምን እንደሆነ፣ ከግራ ስንት ነጥብ እንደሚርቅ፣ ከላይ ስንት ነጥብ፣ ወርዱ፣ ቁመቱ፣ ላዩ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ። በቃ፣ ይኸው ነው። ደህና ሰው በሁለት ቀን ይገላገለዋል አሉ። አብዱልጀሊል ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ሳጥኗን መጀመሪያ በካሬ ደብተር ላይ በእርሳስና በማስመሪያ ይስላታል። ይለካታል። ያጠፋታል። ይስላታል። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ አፍጥጦ አገኘሁት፤ ለምሳ ወጥቼ ስመለስም እዚያው አፍጥጧል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልሁት።

«እሺን ሁለት ነጥብ ወደ ግራ እየወሰድኋት።»

«ከጠዋት ጀምሮ? ምን አድርጋህ ነው?»

«ቃሏ አጭር፣ አዝራሯ ሰፊ። ያባቷን ጋቢ የለበሰች ሕፃን አትመስልም?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተወው ይከተላታል።»

«ከዚያስ?»

«አብሽር፣ አይዞህ!» አለኝ ዓይኑን ሳይነቅል። «ትንሽ ናት የቀረችኝ።»

ይህች ናት መፈክሩ። ኃላፊያችን እትዬ የሻለም ሲቆጡት «አብሽሩ፣ ትንሽ ናት የቀረችኝ»። መብራት ጠፍቶ የሠራው ሁሉ ሲጠፋበት «አብሽሩ፣ ትንሽ ናት የቀረችኝ»። ቀብራችን ላይ ቢጠራም ይህንኑ የሚል ይመስለኛል።

ጠባዩ ከየት እንደመጣ አጥንቻለሁ። አባቱ ሸህ ዑበይዳ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ ቁርአን ያስቀራሉ። በእሳቸው ዘንድ ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ አንዲት ነቁጥ ከቦታዋ ከሳተች ሉሁ ይታጠባል፤ ከአናቱ እንደገና ይጻፋል። እንግዲህ በዚህ ያደገን ሰው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መቅጠር የማን ሤራ እንደሆነ ታሪክ ይፍረደው።

በግምገማው ዕለት እጄን አወጣሁ። «ይህ ግለሰብ» አልሁ፣ «የሰፊውን አርሶ አደር ጥያቄ በነጥብ ጥያቄ የተካ፣ ከሕዝቡ ይልቅ ለአዝራር የወገነ፣ ጥገኛ አመለካከት ያለው ነው!» ቤቱ አጨበጨበ። እሱም ጎንበስ ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሂሴን መስሎኝ ልቤ ሞላ። ጠጋ ብዬ ሳይ የስብሰባውን ጠረጴዛ ስሎ ወንበሮቹን ያስተካክላል። ክው አልሁ።

በመጨረሻ የበላይ አካል የማይታለፍ ቀነ ገደብ ቆረጠ። የገበሬው የይዞታ ደብተር በኮምፒውተር ሊመዘገብ ነው፤ በቀኑ ያልተመዘገበ ማሳ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ለኮሚቴ ይተላለፋል። እትዬ የሻለም ሳጥኗን ካለችበት ነጠቁት። ሳጥኗም ሥራ ጀመረች። ሴት ስትመዘገብ፣ ከላይ በወረደው ቅጽ መሠረት፣ በሦስት ክቦች ትጠይቃለች፦ ያገባች፣ የፈታች፣ ባሏ የሞተባት። ጸሐፊያችን ፈውዚያ ጣቶቿ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ናቸው፤ ኢንተር የሚባለውን፣ «እሺ» የሚልላትን ቁልፍ ስትመታው ጣሪያው ይሰማል።

በሁለተኛው ሳምንት በወግዲ በኩል ካለች ቀበሌ አንድ ሰው ዱላ ይዘው ገቡ።

«ማን ነው የገደለኝ?» አሉ።

ፈውዚያ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጋሽ ጠልሐ፣ ምነው? ኧረ ይቀመጡ።»

«የሞተ ሰው አይቀመጥም! ደብተሬን አምጡ ብል ሚስትዎ ባል ሞቶባቸዋል አሉኝ። ለእኔው! በዚህ በአፌ እየተናገርሁ!»

መዝገቡ ተፈተሸ። ጉድ ፈላ! አርባ ሦስት ባሎች ሞተዋል። አርባ ሦስቱም ያርሳሉ። አንዱ እንዲያውም በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ሚስት አግብቷል።

«ወላሂ እኔ ኢንተር ነው የመታሁት!» አለች ፈውዚያ። «ሰው አልነካሁም!»

ሁላችንም ወደ ሊቀ አዝራር ዞርን። ለካስ «ባሏ የሞተባት» የምትለውን ክብ ከመነሻው ሞልቷት ኖሯል፤ ማንም ሳይነካት ሞልታ ነው የምትወጣው።

«ለምን?!» አሉ እትዬ የሻለም።

«ሴትዮዋን ባልሽ ሞቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ሟርት አይደለም?» አለ አብዱልጀሊል አንገቱን ደፍቶ። «ይከብዳል። ጥያቄው ከሰው አፍ እንዳይወጣ ብዬ አስቀድሜ ሞላኋት። ያልሞተባት ስትመጣ ፈውዚያ ታነሣታለች ብዬ ነው።»

በወባ ያለቀ ሕዝብ ሰምቻለሁ፤ በጥይት ያለቀም ሰምቻለሁ። በይሉኝታ አርባ ሦስት ሰው ሲያልቅ ያየሁት መካነ ሰላም ነው።

ጋሽ ጠልሐ ዱላቸውን ተደገፉ። «ይሁን» አሉ ቀስ ብለው። «ለመሆኑ ሚስቴ ስትመዘገብ እንባ ነገር ነበራት?»

ሟቾቹን ማስነሣት ዐሥር ቀን ፈጀ። አብዱልጀሊልም ተማረ፤ ሲማር ደግሞ እንደ በቅሎ ነው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ። ከዚያ ወዲያ ምንም ክብ ሞልቶ አይወጣም፤ ከሦስቱ አንዱ እስኪመረጥም «እሺ» ደብዝዛ ትተኛለች፤ ብትመቷት አትነቃም። «አሁን ማንም አይሞትም» አለ በኩራት።

ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ብርሀንነሽ የምትባል ሴት ፈውዚያ ፊት ተቀመጠች።

«እትዬ ብርሀንነሽ፣ አግብተዋል?»

«አዎ።»

«ባልዎ የት ናቸው? ፎቶና ፊርማ ያስፈልጋል።»

«በዘጠና አንድ ዘመተ።»

ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ነበር። ፈውዚያ ጣቷን ከቁልፉ አነሣች። «እና... አልተመለሱም?»

«አልተመለሰም።»

«እንግዲያ» አለች ፈውዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስተኛዋን ልሙላት?»

«መርዶ መጥቷል?» አለች ብርሀንነሽ። «ለጎረቤቴ መጣ፣ ለአልታየች መጣ፣ ጸጉራቸውን ሲላጩ አብሬ አለቀስሁ። ለእኔ ቤት ማንም አልመጣም። ያልተረዳሁትን ሰው በአፌ ልግደለው?»

«የፈታች ብንልስ? ለደብተሩ ብቻ ነው...»

«ኧረ በአላህ! ምን አድርጎኝ ነው የምፈታው?»

«እሺ» ደብዝዛ ተኝታለች። ሴትዮዋ «ያገባች» ብትል ባል መጥቶ መፈረም አለበት፤ «የፈታች» ብትል ማሳው ተካፍሎ ድርሻዋ ብቻ ይቀርላታል፤ «የሞተባት» ብትል የባሏ ወንድም ለወራሽነት ማመልከቻውን አስገብቶ በር ላይ ቆሟል። ዝም ብትል ደግሞ ዓርብ ማሳዋ ለኮሚቴ ነው። ዐሥር ዓመት በሬ እየተለማመጠች ያረሰችው ማሳ! እትዬ የሻለም ቅጹን ገለጡት፣ ጀርባውንም አዩት። «ከላይ የወረደው ሦስት ነው» አሉ። «ምን ላድርግሽ፣ እህቴ?»

አብዱልጀሊል ተነሥቶ መጣ። አንድ ክብ ለመጨመር ከሥሯ ያለው ሁሉ ዝቅ ይላል፤ ሳጥኗ ትረዝማለች፤ አዝራሮቹ ይሰደዳሉ፤ ካሬ ደብተሩ ይወጣል፤ ማስመሪያው ይወጣል። አንዲት «እሺ» ሁለት ነጥብ ለመግፋት ቀኑን የፈጀ ሰው ይህን በስንት ዓመት ይጨርሰዋል? የሴትዮዋ መሬት በዓይኔ ፊት ለኮሚቴ ሲታደል ታየኝ።

«አብሽሪ፣ እትዬ ብርሀንነሽ» አላት።

«እባክህ፣ ትንሽ ናት የቀረችኝ እንዳትላት» አልሁት በሹክሹክታ።

ደብተር አላወጣም። ማስመሪያ አልነካም። ቆሞ አንድ መስመር ጻፈ፣ ጥቂት ቁጥሮች ቀያየረ፣ ሳጥኗን አስነሣት። በሩ ላይ የተሰለፉት ሰዎች አንድ ወሬ ሳይጨርሱ ነው። ከሦስቱ ክቦች ሥር አራተኛ ክብ በቅላለች።

ጠማማ ናት! ከእህቶቿ ሦስት ነጥብ ወደ ግራ ወጥታ፣ ከመስመር እንደሳተ ወታደር ለብቻዋ ቆማለች። እኔ እንኳ፣ እኔ ስለ ነጥብ ደንታ የሌለኝ ሰው፣ አየኋት።

«ጠማማ ናት እኮ!» አልሁ።

«አውቃለሁ» አለ። «ፈውዚያ፣ መዝግቢ።»

በሕይወቴ ብዙ ነገር አስደንግጦኛል። መንግሥት ሲወድቅ አይቻለሁ። እንደዚያች ቃል ያስደነገጠኝ የለም።

«ምን ይላል?» አለች ብርሀንነሽ፤ ፊደል አልቆጠረችም።

«በመጠበቅ ላይ ያለች» ብላ አነበበችላት ፈውዚያ።

ብርሀንነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። «አዎ» አለች። ቀጥሎ በጣቷ ስክሪኑን ነካ አድርጋ፣ «እንዳትነኩብኝ። እሱ ሲመጣ እኔው መጥቼ አስጠፋታለሁ» አለች።

ክቧ ተሞላች። «እሺ» ነቃች። ኢንተር ተመታ፤ ጣሪያው ተሰማው። እስከ ዓርብ ድረስ ወሬው ተሰምቶ ዐሥራ አንድ ሴቶች መጡ፤ አንዷም ከቀሩት ሦስት ክቦች የትኛውንም አላየችም።

ተቆጣጣሪው ከዞን የመጡት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሳጥኗን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ይህች አራተኛዋ ከየት የመጣች ናት? ቅጹ ላይ የለችም። ትጥፋ! በእሷ የተመዘገቡት ደብተሮችም ይሰረዙ።»

እትዬ የሻለም ገረጡ። አብዱልጀሊል ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እሺ ጌታዬ፣ ዛሬውኑ እጀምራለሁ» አለ።

ንቀቴ ተመልሶ መጣ። ይኸው ባሕሪው ነው አልሁ። አጎንባሽ!

ከወር በኋላ ተቆጣጣሪው ደወሉ። «ጠፋች?»

«አብሽሩ ጌታዬ» አለ አብዱልጀሊል ካሬ ደብተሩን እያገላበጠ። «ትንሽ ናት የቀረችኝ።»

ከስድስት ወርም በኋላ ደወሉ። አንዷን ክብ ሲያነሣት ሌሎቹ ሦስቱ እንደሚናጉ፣ እነሱን ሲያቆም «ተወው» እንደሚያፈነግጥ፣ የነጥቡ ነገር ቀላል እንዳይደለ አስረዳቸው። ትንሽ ናት የቀረችው። ዓመት ሞላ። ሁለት ዓመት አለፈ። ሳልፍ ሳገድም ስክሪኑን ሰርቄ አያለሁ፤ አራተኛዋ ክብ እዚያው ናት፣ እንደ ጠመመች። እስከ ዛሬ አልተቃናችም፤ እሱ ደግሞ «እሺ»ን ወደ ቀኝ መልሷታል።

ባለፈው ዓርብ ስልኩ ሲጮኽ አብዱልጀሊል ጁምዓ ሄዷል፤ እትዬ የሻለም ስብሰባ ናቸው፤ ፈውዚያ ዓይኗን ወደ እኔ ወረወረች። ከግድግዳው ሥር ብርሀንነሽ ተቀምጣለች፤ በየገበያው ቀን አህያዋን ውጭ አስራ ትገባና፣ ክቧ መኖሯን ጠይቃ ትወጣለች። ስልኩን አነሣሁት።

«ያች አራተኛዋ ጉዳይ የት ደረሰች?» አሉ ተቆጣጣሪው። «አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

እኔ ማለት በግምገማ ያን ሰው ጥገኛ ያልሁት ነኝ። አንደበቴን አውቀዋለሁ፤ እውነቱን ዘርግፎ ሊያስጨበጭብ የተሳለ ነበር። ከአፌ የወጣውን ስሰማ ግን እኔው ራሴ ደነገጥሁ።

«አብሽሩ፣ ጌታዬ» አልሁ። «ትንሽ ናት የቀረችው።»