ታደሰ የቀለህ መከርከሚያ ሲመርጥ

ወንድ ልጅ ሚስት ለመምረጥ አንድ ሰርግ ይበቃዋል፤ ዕቃ ለመምረጥ ግን ዕድሜ አይበቃውም! አትቆጡ፣ ማስረጃ አለኝ። ባለቤቴ ታደሰ እኔን ያየኝ የሰው ሰርግ ላይ፣ ምግብ ሳቀርብ ነው። ቁመቴን አልለካ፣ ዘሬን አላጣራ፣ ዋስትናዬ እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቀ... ሙሽሮቹ ኬኩን ሳይቆርሱ ወስኖ ጨረሰ። ይኸው ሰው ታዲያ አንዲት የቀለህ መከርከሚያ ለመምረጥ ከፋሲካ እስከ ኅዳር ፈጀበት።

"የቀለህ መከርከሚያ ደግሞ ምንድን ነው?" ትሉኝ ይሆናል። የታደላችሁ! እኔም ሳላውቀው በሰላም እኖር ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ቀለሁ ይቀራል። እኛ አገር ቀለህ ከወደቀበት አይነሳም፤ ቢነሳም ለፉጨት ነው። እዚህ ቴክሳስ ግን ቀለህ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ አዲስ ባሩድ ሞልቶ፣ አዲስ አረር ሰክቶ እንደገና የሚተኩስ ሕዝብ አለ። ታዲያ ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር አንገቱ ይረዝማል አሉ። ስለዚህ ከመሞላቱ በፊት ጫፉ ተከርክሞ ከጓደኞቹ ጋር መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ጠመንጃው ውስጥ በወጉ አይገባም፣ ቢገባም አደጋ አለው። እንግዲህ ትዳሬን የፈተነችው ይህን አንገት የምትከረክመው መሣሪያ ናት።

ታደሰን ወደዚህ ነገር ያስገባው እኛ በምንኖርባት በሮውሌት ከተማ ያለ ጎረቤታችን፣ ዴል የሚባል ጡረተኛ ነው። ዴል ክፉ ሰው አይደለም። ጥፋቱ አንድ ቅዳሜ ጋራዡን ከፍቶ ለታደሰ ማሳየቱ ነው። ታደሰ የሣር ማጨጃ ሊዋስ ሄዶ የአደን ጠመንጃ ገዝቶ ተመለሰ። ሣሩ እስካሁን አልታጨደም።

ግን የጥይት ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የነገሩ ሥር አባቴ ናቸው። አባባ አምና ከጎንደር ሲመጡ፣ በጉብዝናቸው ጊዜ አዳኝ የነበሩ ሰው ናቸውና፣ አማቻቸውን ከላይ እስከ ታች አይተው ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁት። ታክሲ እንደሚነዳ ነገራቸው። "እሱስ ይሁን። ሌላስ?" አሉት። ታደሰ ሌላ አልነበረውም። ያቺ "ሌላስ?" ሰውየው ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ከዚያ ወዲህ አባባ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ ለእኔ ብቻ "ሰውዬሽ ገባ? ሰውዬሽ በላ?" ይሉኛል። እሱ እየሰማ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን እንግዳ ሞልቶ ሳለ ታደሰ ብድግ አለ። የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ለቅበላው፣ በገዛ እጁ በሠራው ጥይት አጋዘን ጥሎ አባባን እንደሚያበላ፣ በቦታው ያለ ሁሉ እንደተጠራ አወጀ። ተጨበጨበለት። አባባ "እናያለን" ብቻ አሉ። ይኸውላችሁ፣ ሰው ፊት ቃል ወጣ። ባዶ እጁን ቢመለስ "ሌላስ?" እስከ መቃብር ትከተለዋለች። ይህ ለእኔም ቀልድ አልነበረም፤ በአባቴና በባሌ መካከል የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ታዲያ ያለው መንገድ ቀላል ነበር። ዴል ከአባቱ የወረሳት፣ በእጅ የምትሽከረከር መከርከሚያ አለችው፤ እሷን ተውሶ ማታ ማታ መከርከም ነው። ታደሰ ግን በተውሶ መከርከሚያ የተሠራ ጥይት "በገዛ እጄ" አይባልም ብሎ እንቢ አለ። የራሱን ሊገዛ ካታሎግ ማዘዝ ጀመረ። ካታሎጉ ሳሎን መጣ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ በመጨረሻ ሽንት ቤት ተደላድሎ ተቀመጠ። ከዚያ የኛ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራ፦ ጉዳዩን ለምክር አቀረበው።

ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ አለ። የኛ ሰው እዚያ የመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፎ ያልፈታው የዓለም ችግር የለም፤ ከራሱ በቀር። ከነዚያ ሁሉ ሾፌሮች ጠመንጃ ያለው ታደሰ ብቻ ነው። መከርከሚያ በዓይኑ ያየም እሱ ብቻ ነው። ይህ ግን ማንንም ከመናገር አላገደም። የታደሰ የቅርብ ጓደኛ መኮንን፣ ከቢላዋ በቀር ስለታም ነገር ይዞ የማያውቀው መኮንን፣ የእጅ መዘውር ደጋፊዎች መሪ ሆነ። ሌላው ወገን "ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው" ብሎ ተነሳ። በጣት የምትሽከረከረው ትንሿ ትበቃለች ያለ አንድ ምስኪን ሰው ከሁለቱም ወገን ከሃዲ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የእጅ መዘውሩ ወገን "እጀታው በቀኝ ይሁን፣ በግራ" በሚል ለሁለት ተከፈለ። አብረው ምሳ ይበሉ የነበሩ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። እናንተዬ፣ አገር ቤት እያለን የተጣላነው ቢያንስ በአገር ጉዳይ ነበር!

ታደሰ ደግሞ ሰው ማስቀየም አይወድም። ይሉኝታ ይዞት የሁሉንም ወገን መከርከሚያ ተራ በተራ እየገዛ ሞከረ። መጀመሪያ ትንሿን አመጣ፤ የፀጉር ስንጣቂ የምታህል ልዩነት አገኘባትና መለሳት። ቀጥሎ የእጅ መዘውሩ መጣ። እሱን ለመትከል ጠንካራ ጠርዝ ያስፈልጋል ተባለና የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ በብሎን ታሰረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ ሶፋ ላይ፣ ሰሐን ጭኑ ላይ አድርጎ መብላት ለመደ። አባባ እንጀራቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው መዘውሩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ይጎርሳሉ። ያም ተመለሰ፤ ጠረጴዛዬ ግን በቀለህ እንደተሞላ ቀረ። የመደብሩ ሰውዬ ታደሰ በር ላይ ሲታየው ምሳ መውጣት ጀመረ አሉ።

በዚህ መሐል ካሊፐር የምትባል መለኪያ ቤታችን ገባች። ታደሰ ቀለሁን ለክቶ ሲሰለቸው እኔ የከተፍኩትን ካሮት መለካት ጀመረ። "ይሄኛው ይረዝማል" ይለኛል! ምንጣፉ የናስ ፍቅፋቂ ሆነ። ጎመን ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር አገኘሁ፤ ወርቅ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እውጠው ነበር፣ አልሆነም። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና አጋዘኑ እኮ ቀለሁን አይለካውም አልኩት።

"አንቺ አይገባሽም" አለኝ፤ ዓይኑን ከካሊፐሯ ሳያነሳ። "ሶ፣ ማለቴ... ሁሉም እኩል ካልሆነ ጥይቱ አንድ ቦታ አያርፍም። አባትሽ ፊት እንድስት ነው የምትፈልጊው?"

አሁን የለካውን ቀለህ መልሶ ሲለካው አየሁት። ሰውየው ካታሎግ የሚያገላብጠው መርጦ ስላልጠገበ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። መምረጡን ከጨረሰ መተኮስ ይመጣል። አንጀቴን በላው፤ ጠረጴዛዬንም ለጊዜው ይቅር አልኩት።

የአደን ወቅት ተከፍቶ፣ ዴል መጠበቅ ሰልችቶት የመኪናውን ጡሩንባ ሲነፋ፣ ታደሰ በመጨረሻ ኤሌክትሪኩን መረጠ። እንደ ፀጉር መቁረጫ ማሽን እያጉረመረመ ቀለህ ሁሉ ከረከመ። ደርድሮ አሳየኝ። አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ እኔም እውነት ለመናገር ኮራሁ።

የቅበላው ዕለት በሌሊት ከዴል ጋር ሲወጣ፣ ለማንኛውም ትንሽ የበግ ሥጋ ልግዛ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አኮረፈ። በሱ እንደማላምን፣ መጠባበቂያ ሥጋ ቤት ከገባ ጭራሽ እንደማይሄድ ነገረኝ። እሺ አልኩ። ሽሮ ሠራሁ፣ ጎመን ሠራሁ፣ ድስቱን ለአጋዘን አጥቤ ጣድኩ። እንግዶቹም ቁርስ ሳይበሉ መጡ። ለቅበላ የሚመጣ ሰው ቁርስ አይበላም።

ከሰዓት በኋላ የዴል ፒክአፕ መጣ። ሁላችንም ወጣን። አጋዘኑ ከኋላ ተጋድሟል፤ ቀንዱ የሚያምር፣ ሆዱ እዚያው ጫካ የተጠረገ። እልል ተባለ! መኮንን የኤሌክትሪክ ጠላትነቱን ረስቶ ሽለላ ቢጤ ጀማመረው። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀረቡ፣ ቀንዱን በእጃቸው ያዙና ፈገግ አሉ። ከመጡ ጀምሮ በታደሰ ነገር ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። እንባዬ መጣ።

እዚህ ላይ ታደሰ አፉን ቢዘጋ ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር።

"አንድ ጥይት ነው፣ አባባ" አለ። "ኤሌክትሪኩ የከረከመው። ልቡ ላይ ነው ያገኘሁት። ኦኬ፣ ቀና ብሎ አላየኝም፣ እግሩን አላነሳም። በቆመበት ነው ያለቀው።"

"ስትደርሱበት ትንፋሽ አልነበረውም?" አሉ አባባ።

"ምን ትንፋሽ አለው፣ አባባ። መሬት ሳይነካ ነው የሞተው።"

አባባ እጃቸውን ከቀንዱ ላይ አነሱ። "እንግዲያውስ በክት ነዋ" አሉ።

እልልታው ቆመ። ይህን የማያውቅ በመካከላችን አልነበረም። አውሬም ቢሆን የሚበላ ከሆነ፣ መትቶ ከጣሉት በኋላ ነፍሱ ሳትወጣ ሮጦ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ በቢላዋ ማረድ ነው። ሳይታረድ የሞተ አይበላም። ታደሰም ከልጅነቱ ያውቀዋል። ግን ዓመቱን ሙሉ የቀለህ አንገት ሲከረክም የአጋዘኑን አንገት ረሳው።

"ማለቴ... ትንሽ ተንቀሳቅሶ ነበር" አለ ታደሰ።

"አሁን ነው የተንቀሳቀሰው?" አሉ አባባ።

መኮንን ረሃቡ ድፍረት ሰጠው መሰለኝ፣ ወደ ፊት ወጣ። "አባባ፣ ሱፐርማርኬት የምንገዛውን ሥጋስ ማን በስመ አብ ብሎት ነው?"

"እሱን ሲሞት አላየሁም፣ የነገረኝም የለም" አሉ አባባ። "ይህን ግን ከገዳዩ አፍ ሰማሁ።"

በቃ! ከዚህ በኋላ ይግባኝ የለም። ዴል ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው መኪናው አጠገብ ቆሞ ይስቃል። ሊያስረዳው የሞከረ አልነበረም፤ ውሰደው ብቻ ተባለ። ቋሊማ አደርገዋለሁ ብሎ እየተደሰተ ወሰደው። እኛም ገብተን፣ ባዶ ድስት ተጥዶ፣ ለቅበላ ሽሮና ጎመን በላን። ከነቢያቱም ቀድመን መጾም ጀመርን ማለት ነው። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። አንድ ኪሎ በግ ብገዛ ምን ነበረበት? ማን ይጎዳ ነበር? እንግዶቹ ሲወጡ አንዳንዶቹ ሃምበርገር ቤት ለመቆም ሲማከሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አባባ ግን ሽሯቸውን በደስታ በልተው እጃቸውን ታጠቡና ወደ እኔ ዞር አሉ። "መምታቱንስ ሰውዬሽ ያውቅበታል" አሉ። ቀጥለውም "ትንሽ ሳት ቢያደርገው ኖሮ እንበላ ነበር" አሉ። ታደሰ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፊቱ በራ፤ ሽሮ ጨመረ።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ተመለሰልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ላዩ ላይ አዲስ ካታሎግ ተከፍቶ አገኘሁ። ቢላዋ። ታደሰ አሁን የሚመርጠው፣ አጋዘኑ ጋ ሮጦ ሲደርስ የሚያርድበትን ቢላዋ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳም ከወዲሁ "ታጣፊ" እና "ቀጥ ያለ" ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል አሉ። እኔ ከየትኛውም ወገን አይደለሁም። ለገና በግ አዝዣለሁ፤ በእግሩ እየሄደ፣ እየተነፈሰ ነው የሚመጣው።