ዞር ሳይሉ መጎተት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሰው ፊት ሳያዩ ማውራት ይቻላል? እኔ አልችልም። ዴንቨር ውስጥ ታክሲ ስነዳ፣ ተሳፋሪው አንድ ቃል ከተነፈሰ ዞር ብዬ ካልመለስኩለት የናቅኩት ይመስለኛል። ኮልፋክስ የሚባለውን ረጅም ጎዳና ግማሹን ወደ ኋላ እያየሁ ነው የነዳሁት። አትደንግጡ፣ ይኸው በሕይወት አለሁ።

ታዲያ ልጄ ሳምሪ በአሥራ አምስት ዓመቷ ዌክቦርድ የሚባል ነገር ጀመረች። እግር ጣውላ ላይ ይታሰርና፣ ገመድ ተይዞ፣ በጀልባ ውሃ ላይ መጎተት ነው። የሚጎትታት ማን መሰላችሁ? የጓደኛዋ አባት! ሹፌሩ አባቷ እያለ! አንጀቴ አረረ። ጀልባ መንዳት ተምሬ፣ ጀልባ ተከራይቼ፣ "ዛሬ የምጎትትሽ እኔ ነኝ" አልኳት።

"ዳድ፣ ኖ ዌይ! አንተ ወደ ኋላ ታያለህ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። የሚጎትት ሰው ዓይኑን ከፊቱ መንቀል የለበትም፤ ዋናተኛ አለ፣ ሌላ ጀልባ አለ። የሚጎተተውን የሚያይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ሕጉም እንደዚያ ነው። አንዴ ዞር ካልኩ ሰመሩን፣ ትምህርት የሚዘጋበትን ወራት በሙሉ የጓደኛዋ አባት ሊጎትታት ተዋዋልን። ሞቼ ነው ቆሜ!

ወደ ኋላ የሚያይልኝ ማን ይሁን? አማቴ፣ እማማ ዘነበች! ሰርግ ገብተው የሚዜዎቹን ጫማ ሳይቀር አይተው የሚወጡ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ ላይፍ ጃኬት አጥልቀው፣ ብርቱካናማ ባንዲራ ይዘው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ላይ ገመዱ እስኪወጠር ቀስ አልኩ። ሳምሪ "ጎ!" ስትል ነዳጅ ሰጠሁ።

"ተነሣች! ኧረ ተነሣች!" እማማ ጮኹ። አንገቴ በራሱ ጊዜ ሊዞር! "ዋ! ዞር ብትል ውርድ ከራሴ!" አሉኝ። መሪውን ጨበጥኩ። እልልታቸውን አቀለጡት። "ዘለለች!" አሉ። ከዚያ ጸጥ። በስመ አብ! ያ ጸጥታ ገደለኝ።

"ወደቀች" አሉ፤ ሌሎች ጀልባዎች እንዲያዩ ባንዲራውን ከፍ አደረጉ። "እጇን አወጣች፣ ደህና ናት። ቀስ ብለህ ተመለስ።"

ጀልባዋን ቀዝቀዝ አድርጌ አዞርኩና ተመለስኩ። አሁን ከፊቴ ስለሆነች ማየት ተፈቅዷል። አጠገቧ ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁ።

"ዳድ! ዘለልኩ እኮ! አየኸኝ?"

"አላየሁሽም!" አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

አያቷን በጥርጣሬ አየቻቸው። "አንዴም አልዞረም፣ እኔ ምስክር ነኝ" አሉ። ልጅቷ ከውሃው ውስጥ ሆና "ዛትስ ማይ ዳድ!" ብላ ሐይቁን በጩኸት አናጋችው። እንባዬ መጣ፣ ምን ልደብቃችሁ።

ሰመሩን በሙሉ የጎተትኳት እኔ ነኝ። አሁንማ አየር ላይ ትገለባበጣለች አሉ። ቼሪ ክሪክ የመጣ ሰው ሁሉ አይቷታል። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ "ልጅህ እንዴት ናት? ጎበዝ ናት?" ይሉኛል። እማማን ጠይቁ እላለሁ። እኔ በበኩሌ የማውቀው፣ ከፊት ለፊቴ ያለው ውሃ በጣም ቆንጆ መሆኑን ነው።