በእኔ ስልክ፣ በእኔ ካርድ

እኔ የሰው ወሬ አልወድም። ግን ታክሲ ውስጥ ሰው በስልክ ሲያወራ ጆሮዬን የት ላድርገው? ለማስተማር ሐረር በመጣሁ ሰሞን፣ ከሸዋ በር በተሳፈርኩበት ታክሲ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ለእህታቸው ደወሉ። «ሽማግሌዎቹ መጡ አይደል? ታዲያ ልጅሽ አገባዋለሁ አለች?» ሲሉ ካርዳቸው አለቀ። ታክሲው ሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ። መውረጃዬን አልፌያለሁ።

«እናቴ፣ በእኔ ይደውሉ» ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸው። ለወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ለጽድቅ ነው።

«አላህ ይስጥህ ልጄ» ብለው ደወሉ። ከዚያ እኔን ገልመጥ አድርገው ጨዋታውን በሐረሪ ቀጠሉት። በእኔ ስልክ፣ በእኔ ካርድ፣ እኔ በማልሰማው ቋንቋ።

ሲጨርሱ ተሳፋሪው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔም አብሬ አመሰገንኩ፤ ልጅቷ እሺ ስላለች ይሁን እምቢ ስላለች ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።