ቆርቆሮና ጽድቅ

ክርስቲያን ነኝ ከሚል ሰው ሁሉ እንደ ባለቆርቆሮ ክርስቲያን የምፈራው የለም። ባለ ሣር ቤቱ ሲጸልይ «ማረኝ» ይላል፤ ባለቆርቆሮው ግን «እንኳን መረጥከኝ!» ነው የሚለው።

በጣልያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎረቤት ነበረኝ፤ አቶ ገበየሁ ይባላል። ጠላት ከመግባቱ በፊት እንደኔው ሣር ቤት ነበር የሚያድረው። ጣልያንኛውን ከየት እንደለቃቀመው እንጃ፣ አንድ የጣልያን ካፒቴን ዘንድ አስተርጓሚ ሆነና ዓመት ሳይሞላው ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ። ይልበስ! ማን ከለከለው? ግን ካፒቴኑ ሰጠኝ አይልም እኮ! «እግዚአብሔር ሰጠኝ» ነው የሚለው። እግዜር የጣልያን መጋዘን ጠባቂ የሆነ ይመስል…

የኔ ሥራ ኮርቻ መስፋት ነበር። በቅሎውን ሁሉ ጣልያን ስለነዳው ኮርቻ የሚያሰፋ ጠፋና ቤቴም ኪሴም ሳሳ። አንድ የክረምት እሑድ ጠዋት ያለችኝን አንዲት ሱሪ አውልቄ፣ ነጠላ አገልድሜ እየጣፍኩ ነበር። ቅዳሴ የቀረሁትም በሷው ምክንያት ነው። በዚህ መሃል… ዷ! በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ተዘረጋ! ሰዓቱ ደግሞ የቅዳሴ መውጫ! የደብሩ ምእመን በሙሉ ቆሞ እግሬን ያያል፤ እኔም መርፌዬን እንደያዝኩ ምእመኑን አያለሁ። ምን ልበል ታዲያ? «ደህና አደራችሁ!» አልኩ።

ገበየሁ ከሕዝቡ መሃል ወጣ አለ።

«አየህ ተሰማ፣ ከቅዳሴ የቀረ ሰው ቤቱ ይፈርሳል!»

«ሱሪዬ ተቀዶ ነው የቀረሁት፣ አቶ ገበየሁ።»

«ሱሪህስ ለምን ተቀደደ? የተባረከ ሰው ሱሪ አይቀደድም! ንስሐ ግባ!»

እሱ የለበሰው የጣልያን ካኪ ነው፤ በመጋዝ ቢገዘግዙትም አይቀደድ!

ሚስቴ አስናቀች አራስ ነበረች። ሕፃኑን ታቅፋ ደረቅ ጥግ ስትፈልግ ያዩ ጎረቤቶች ሊያግዙኝ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ፣ ገበየሁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እግዚአብሔር የቀጣውን የሚያግዝ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ይጣላል!» አለ። ሰዉ አንድ በአንድ ሹልክ አለ። እግዜርን ፈርቶ እንዳይመስላችሁ! ገበየሁ ካፒቴኑ ጆሮ ውስጥ «ሽፍታ ደባቂ» የምትል ቃል ጣል ካደረገ የአንድ ሰው ነገር አበቃ ማለት ነው።

ጭቃ ሊያቦካልኝ የመጣው ከድር የሚባለው ጎረቤቴ ብቻ ነው።

«አትፈራም?» አልኩት።

«እኔ እስላም ነኝ፤ የናንተ ስብከት ምን ገዶኝ?» ብሎ እግሩን ጭቃው ውስጥ ነከረ።

ግድግዳው ሳይደርቅ ገበየሁ የምስጋና ግብዣ ጠራ። ሄድኩ። መቅረት ያስጠረጥራል፤ ሆድ ደግሞ ኩርፊያ አያውቅም። የነፍስ አባታችን አባ ወልዴ ማዕዱን ባረኩ። ገበየሁ ብድግ ብሎ፣ «እግዚአብሔር የወደደውን ከፍ ያደርጋል!» ከማለቱ፣ ከበላያችን ቋ! ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ጣራው ራሱ አሜን ያለ መሰለኝ…

ወጥተን ብናይ ወታደሮች ቤቱ ላይ ወጥተው ምስማር ይነቅላሉ! ለካ የድሮው ካፒቴን ተዛውሮ ኖሯል፤ አዲሱ ደግሞ ለበቅሎ ጋጣው ቆርቆሮ አንሶታል።

«ሲኞር! ሲኞር!» እያለ ገበየሁ ሮጠ። አዲሱ ካፒቴን ሁለት ቃል ወረወረለት።

«ምን አለ?» አልነው።

ለሰፈሩ ሁሉ ሲያስተረጉም የኖረ ሰው፣ ያቺን ግን አልተረጎመልንም።

ቆርቆሮው ሄደ፣ ዝናቡ መጣ። ወጡ ቀጠነ፣ እንግዳው ተበተነ። ገበየሁ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ ወዴት ይግባ? ቅርቡ የኔ ቤት ነው። አስናቀች ሕፃኑን እንዳቀፈች በሩን ከፈተች። «ግቡ እንጂ! ልጆቹ በሰበሱ!» አለች። አባ ወልዴም ተከትለው ገቡ።

እኔ መቼም ሰው ነኝ፤ አላስቻለኝም።

«አቶ ገበየሁ፣ ኃጢአትዎ ምን ይሆን?»

«የምን ኃጢአት? ይሄ ፈተና ነው! ፈተና የሚመጣው በተመረጠ ሰው ላይ ነው!»

«የኔስ ግድግዳ?»

«እሱማ ቅጣት ነው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ! እኔ ስወድቅ ኃጢአተኛ፣ እሱ ሲወድቅ ሰማዕት!

አባ ወልዴ የረጠበ ጋቢያቸውን እየጨመቁ ቀና አሉ።

«ገበየሁ፣ እንኳን ስቅለት ዕለት ኢየሩሳሌም አልኖርክ።»

«ለምን አባ? አልቅሼ እሞት ነበር ብለው ነው?»

«የለም ልጄ። ቀያፋ ቤት ግብዣ ተቀምጠህ፣ ‹እግዚአብሔር ቢወደውማ መች ይሰቀል ነበር!› እያልክ ትጎርስ ነበር ብዬ ነው።»

አስናቀች ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እኔ ግን ምን በወጣኝ!