ፕላቶን ተጣማሪ ሊመርጥ ሄደ

(ፔርም ከተማ፣ የበረዶ ሸርተቴ አዳራሽ፣ ጠዋት። የጥንዶች ሸርተቴ ተወዳዳሪው ፕላቶን ተጣማሪው ትታው ስለሄደች፣ ሌላ ፍለጋ ከሞስኮ በባቡር መጥቷል። ሪማ ጫማዋን አስራ ጨርሳለች፤ ከአግዳሚው ግን አልተነሳችም።)

ፕላቶን፦ ተነሺ እንጂ፣ በረዶው እየጠበቀን ነው።

ሪማ፦ መጀመሪያ ትንሽ ቁጭ በል። መንገድ ሊወጣ ሲል ሰው መንገዱ እንዲቀናው ትንሽ ዝም ብሎ ይቀመጥ የለ?

ፕላቶን፦ እሱ ሻንጣ ይዞ ባቡር ለሚሳፈር ነው። በረዶው እኮ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው።

ሪማ፦ ቅርብም ቢሆን ይወደቅበታል።

ፕላቶን፦ ከእኔ ጋር አይወደቅም። እኔ ስወረውርሽ አንቺ አየር ላይ ተሽከርክረሽ በአንድ እግር ማረፍ ብቻ ነው።

ሪማ፦ እሱ ብቻ?

ፕላቶን፦ እሱ ብቻ። ከባዱ የእኔ ነው።

ሪማ፦ እሺ። የድሮዋ ተጣማሪህስ ለምን ሄደች?

ፕላቶን፦ ስቴሻ? ማረፍ አትችልማ። ሁልጊዜ ግድግዳው ጋ ነበር የምታርፈው።

ሪማ፦ ግድግዳው ጋ ማን ወረወራት?

ፕላቶን፦ ገና ነሽ፣ ቀስ እያለ ይገባሻል።

ሪማ፦ ከሷ በፊት የነበረችውስ?

ፕላቶን፦ እሷ ኩርፊያ ታበዛለች። ሙዚቃው መሀል ስህተቷን ስነግራት ዳኞች ፊት ታለቅሳለች።

ሪማ፦ ሙዚቃው መሀል?

ፕላቶን፦ ካለቀ በኋላ ብነግራት ምን ይጠቅማታል?

ሪማ፦ እሱስ ልክ ነህ። ወገብህን ያምሃል?

ፕላቶን፦ ብረት ነው። (ጫማውን ሊያስር ሲጎነበስ ያቃስታል) ባቡሩ ነው፤ የላይኛው አልጋ ደርሶኝ።

ሪማ፦ ተጣማሪህ ስትወድቅ መጀመሪያ ምን ትላታለህ?

ፕላቶን፦ «ለምን?» እላታለሁ። አንቺ ልጅ ጥያቄ አበዛሽ። አይዞሽ፣ ሙከራ ሲሆን ሰው ይጨንቀዋል። ባትሆኚኝ እንኳ ለአሰልጣኝሽ በጎ በጎሽን ነው የምነግራት።

ሪማ፦ ለቬራ ልቮቭና? ደግ ነህ።

ፕላቶን፦ ምን ላድርግ፣ መምረጥ ግዴታዬ ነው። ለዘንድሮው የአገር ሻምፒዮና ተጣማሪ ካጣሁ፣ እናቴ ቤት ገብቼ የሰፈር ሕፃናት ማስተማሬ ነው።

ሪማ፦ ቬራ ልቮቭና ስትደውልልህ ምን አለችህ?

ፕላቶን፦ «ጎበዝ ልጅ አለችኝ፣ ለሙከራ ና።»

ሪማ፦ ተሞካሪው ማን እንደሆነ አልጠየቅካትም?

ፕላቶን፦ ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?

ሪማ፦ ትናንት ከካዛን የመጣውም አልጠየቀም። ከሰዓት ደግሞ የኦምስኩ ይመጣል። ሦስታችሁንም አይቼ ማን እንደሚሆነኝ እነግራታለሁ።

(ፕላቶን የጫማውን ማሰሪያ ይዞ ይቀራል።)

ፕላቶን፦ የካዛኑ... ጎበዝ ነው?

ሪማ፦ በጣም። ቁጭ በል ስለው ግን እሱም እንዳንተ ቀለደብኝ።

(ፕላቶን ቀስ ብሎ አጠገቧ ይቀመጣል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ይላል።)

ሪማ፦ ምነው? በረዶው አፍንጫችን ስር አልነበረም?

ፕላቶን፦ አሁን ሳየው ሩቅ አገር ነው።