ሊቀ መኪና ጋሽ አስናቀውና ነጠብጣቡ መብራት

መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ መኪና የሚያውቅ ሰው ግን የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛ የቢቸናዎቹ ጋሽ አስናቀው ይባላሉ። እኔ በበኩሌ «ሊቀ መኪና» የሚል ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ። መሪ ጨብጠው አያውቁም። ሚኒባስ ሲሳፈሩ ግን ከጋቢና ሌላ ወንበር አይቀበሉም፤ ሾፌሩ ማርሽ ሊቀይር እጁን ሲሰድ እሳቸው ቀድመው «አሁን ሦስተኛ!» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ገበያው መግቢያ ላይ አንድ አይሱዙ ቀጥ አለ። ጋሽ አስናቀው ኮፈኑን አስከፍተው፣ ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ደግነው፣ «ጉሮሮው ተዘግቷል» ብለው ፈረዱ። ለካ ነዳጅ ጨርሶ ነው። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ያልኩት ይህንኑ አይደል? የሚውጠው ሲያጣ ጉሮሮ ምን ያደርጋል!»

ሥልጣናቸው የስፌት መኪናንም ይጨምራል። ባለቤቴ ወይንእሸት ልብስ ሰፊ ናት። መኪናዋን ፈተው ሲገጥሙላት አንድ እፍኝ ብሎን ተረፈ። «የተረፈ ብሎን ትርፍ ነው» አሏት፤ ኮስተር ብለው።

በ2009 ዓ.ም. ከተማችን ኤልኢዲ የሚባለው መብራት የተገጠመላቸው ሚኒባሶች መግባት ጀመሩ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በራችን ላይ ተቀምጠን አንዱ ሲያልፍ ወይንእሸት ስሜን ጠርታ እጄን ያዘችኝ።

«ያየህ፣ የኋላ መብራቱ ለአንተ እንዴት ነው የሚታይህ?»

አፍጥጬ አየሁት። «ቀይ ነው። ምን ሆነ?»

«እኔ ዓይኔን ዞር ሳደርግ እንደ ተበጠሰ ዶቃ ይበታተንብኛል። ሰንብቷል።»

ክው አልኩ። እናቷ እማሆይ ወለተ ሐና ዓይናቸው የጠፋው በእሷ ዕድሜ ነው። የሙሽራ ልብስ አልቀበልም ማለት የጀመረችው ለካ ለዚህ ኖሯል።

የማደርገው ቢጠፋኝ ጋሽ አስናቀውን ጠራሁ። የተለመደውን ይቀባጥሩና ትስቃለች ብዬ ነው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ባትሪ ሊሉ ነው፣ ዲናሞ ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ፣

«ይህንን አላውቅም» አሉ።

እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የፈራሁት።

«ልጄ፣ ጠዋት ሞጣ እንሄዳለን። የዓይን ባለሙያ አለች።»

«ይቅርብኝ ጋሼ፤ ባላውቀው ይሻለኛል» አለች ወይንእሸት።

«አንቺ ባታውቂው ይሻልሽ ይሆናል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።»

በማግስቱ ጋሽ አስናቀው የሚኒባሱን ጋቢና ትተው ከኋላ አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ማርሽ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ሾፌሩ በመስታወቱ እያያቸው «ጋሼ፣ አመመዎ እንዴ?» አለ።

ባለሙያዋ ሉሊት ትባላለች፤ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ናት። የወይንእሸትን ዓይን በመሣሪያ ደጋግማ መረመረችና፣ «ነጠብጣቡ በሁሉም መኪና ላይ ነው የሚታይሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ወይንእሸት አሰብ አደረገች። «የለም… በአሮጌዎቹ ላይ አላየሁም። በአዲሶቹ ብቻ ነው።»

ሉሊት ሳቀች። «እንግዲያውስ ዓይንሽ ደህና ነው። እኔም አየዋለሁ። እነዚህ መብራቶች ደብዘዝ እንዲሉ ሲፈለግ በጣም በፍጥነት ቦግ እልም ይላሉ። አፍጥጦ የሚያይ ሰው አይለየውም። ዓይን ድንገት ሲዞር ግን እያንዳንዱ ብልጭታ ዓይን ውስጥ ሌላ ሌላ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ነጠብጣብ ይመስላል። የድሮው አምፖል የጋለ ሽቦ ነው፤ በቅጽበት አይጠፋም። አዲሱም ቢሆን ፍሬን ሲያዝ ሙሉ ለሙሉ ስለሚበራ፣ ብዙውን ጊዜ ነጠብጣቡ ይጠፋል።»

ወይንእሸት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጋሽ አስናቀው ወደ ግድግዳው ዞረው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አቧራ ነው» አሉ፤ እንደዚያ በተወለወለ ክፍል ውስጥ።

ስንመለስ መሸት ብሏል። ከፊታችን አንድ አዲስ ሚኒባስ ይሄዳል። ወይንእሸት ዓይኗን ወዲያና ወዲህ እያዞረች፣ «ያውላችሁ ነጠብጣቡ! ፍሬን ያዘ፤ ጠፋ!» እያለች ትስቃለች። ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን ያንከባልላል።

ጋሽ አስናቀውማ ጋቢናቸው ገብተዋል። «መብራቱ ትንፋሽ ይስባል» ይሉታል ሾፌሩን። «ሞተሩ አየር ሲስብ እሱም ይስባል፤ ያኔ ይቆራረጣል። ሐኪሟም ያለችው ይህንኑ ነው።»

ሐኪሟ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣትም። ወይንእሸት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ ስህተታቸውን አርም ማለቷ ነው። እኔ ግን ወደ ጋቢናው ጠጋ አልኩና፣

«ጋሼ፣ የሳበውን ትንፋሽስ በየት በኩል ነው የሚያስወጣው?» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈካ አለ። ወንበራቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ዞረው፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ።