መዳፍ የሚያይ ሴንሰር

እስቲ ይቺን ጉድ ስሙልኝ። ዕቃን በመዳፉ ሞክሮ የሚገዛ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሰቆጣው ማር ማሸጊያችን ኃላፊ እንዲያ ናቸው። ጠርሙሱ ላይ ሌብል መለጠፉን የሚያይ ሴንሰር ሊገዙ ሄደው፣ መዳፋቸውን ሲያስጠጉበት ቀይ መብራት በራ፤ «ያያል!» ብለው ይዘውት መጡ። መዳፋቸውን ነው እንዴ የምናሽገው? የኛ ሌብል የማሩ ንጣት እንዲታይ ተብሎ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ሴንሰሩ የተለጠፈበትንም ያልተለጠፈበትንም እኩል ያሳልፋል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አያይም» አልኳቸው።

«አንተ ዓይን የለህም? ቁምና እይ! አንድ ሳይለጠፍበት ካለፈ ትባረራለህ።»

ይኸው ቆሜያለሁ። ጠርሙሱ እንደ ጥይት ያልፋል፤ ዓይኔ እንዳይከደንብኝ ማስነጠስ እንኳ ፈርቻለሁ። እናንተ ዕቃ ገዢ ኃላፊዎች፣ ሴንሰር ልትገዙ ስትሄዱ ለመሞከሪያ አንድ የማር ጠርሙስ ብትይዙ ምን ነበረበት?